ለጾሜ ብለሽ እጅ እንዳትሰጪ

ባለፈው ጥር ሞጣ ሰርግ ተጠርቼ፣ የእህቴን ልጅ ማህደርን ይዤ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ዘንድሮ ሰርግ እንደበዛ ያወራሉ። እኔ በመስኮት አውድማ ላይ የተከመረውን ጭድ አያለሁ። ማህደር ደግሞ አንገቷን ደፍታ በስልኳ ቼዝ ትጫወታለች። አንድ ቦታ ላይ ከንፈሯን መጠጠችና ስልኩን ነካ አድርጋ ሌላ ጨዋታ ጀመረች።

«አሸነፍሽ?» አልኳት።

«አይ እትዬ፣ እጅ ሰጠሁ። ፈረሴን በነጻ በላብኝ። ከዚያ በኋላ መጫወት ጊዜ ማባከን ነው።»

ተጋጣሚዋ ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። አታውቀውም። ከስሙ አጠገብ የአገሩ ባንዲራ አለ፤ እሱንም ልብ አላለችውም። አልፈረድኩባትም። የማያውቁት ሰው፣ የማይታይ ፊት፣ ቀጣዩ ጨዋታ ደግሞ ወዲያው ይመጣል። በእኛ ጊዜ ግን እጅ መስጠት እንዲህ ቀላል አልነበረም። ንጉሡን በጣት ገፋ አድርጎ ማስተኛት ነው፤ ከፊት የተቀመጠው ሰው እያየ፣ ከኋላ የቆመውም እያየ። በተለይ አንዱን ጨዋታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። የተጫወትኩትም እዚያው ሞጣ ነው።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቢቸና የሒሳብ መምህርት ሆኜ ከተመደብኩ ዓመት አልሞላኝም። ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። አባቴ ባቡር ጣቢያ ይሠራ ስለነበር ቤታችን ከሐዲዱ አይርቅም፤ ቼዝ ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ሠፈር ውስጥ የሚያሸንፈው ሰው ሲያጣ። ብርድ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ቢቸና ስገባ ነው። የመጀመሪያውን ክረምት ሁለት ሹራብ ደርቤ አሳለፍኩት። የሰዉ ንግግር ደግሞ ሌላ ነው፤ ቅኔ ነው። ሰሙን ይዤ ስስቅ ወርቁ ያመልጠኛል። ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለሁ ድንገት ይገባኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ተማሪዎቼ ጤንነቴን ሳይጠራጠሩ አልቀሩም።

የክፍላችን ኃላፊ አቶ ልየው ቼዝ ይወዱ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጠመኔ ከጣታቸው የማይለይ ሰው። ከሥራ በኋላ መምህራኑ፣ የጤና ጣቢያውና የግብርና ሠራተኞች ተሰብስበው ሲጫወቱ እኔ ቆሜ አያለሁ። አንድ ቀን አንዱ ተጫዋች ሲቀር ክፍቱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰው በተከታታይ አሸነፍኩ። አራተኛው አቶ ልየው ነበሩ፤ እሳቸው አሸነፉኝ። ባያሸንፉኝ ኖሮ ቡድኑ ውስጥ የሚያስገቡኝ አይመስለኝም።

በየካቲት መጨረሻ ሞጣዎች ለግጥሚያ ጠሩን። አምስት ለአምስት ነው። እኩል ከወጣን፣ ከፋሲካ በኋላ እነሱ ቢቸና መጥተው በድጋሚ እንገጥማለን ተባለ። አቶ ልየው የመልሱ ግጥሚያ ሳይሆን የሞጣ ሽንፈት እንደሚታያቸው ለወረዳው ሰው ሁሉ ተናግረው ስለነበር ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ስንገባ ፊታቸው ላይ የአንድ ጦር አዛዥ ኩራት ነበረ። መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነው። አቧራው በተዘጋ መስኮት ሳይቀር ይገባል። ደብረ ወርቅ ቆመን ጥቂት የቆሎ ተማሪዎች ጫንን፤ ከዚያ በኋላ በስተግራ ጮቄ ሰማያዊ ሆኖ እየታየን፣ የታጨዱትን ማሳዎች እያለፍን ሞጣ ስንደርስ ቀትር ሆኖ ነበር። ሁዳዴ ገብቷል። በዚያ ዓመት ደግሞ ረመዳንም አብሮ ስለዋለ ከተማው በሙሉ ጾመኛ ነበር ማለት ይቻላል። እኛም ስልጆ በእንጀራ ቀምሰን ወደ አዳራሹ ገባን።

እኔ አምስተኛው ሰሌዳ ላይ፣ ማለትም የመጨረሻው ላይ ነበርኩ። ተጋጣሚዬ ሐጂ እንድሪስ ይባላሉ፤ ከአዳራሹ ማዶ ሱቅ ያላቸው የጨርቅ ነጋዴ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው። ሌሎቹ የመንግሥት ሠራተኞች ሲሆኑ እሳቸውን ቡድኑ ውስጥ ያስገባቸው ችሎታቸው ነው። ጨዋታውን ከአባታቸው ነው የተማሩት፤ ስለዚህ እኛ ጳጳስ የምንለውን እሳቸው በድሮው አጠራር «ፊል» ይሉታል። የድሬዳዋ ልጅ መሆኔን ሲሰሙ በወጣትነታቸው ጨርቅ ሊገዙ ሄደው ያዩትን ከተማ፣ ሙቀቱንና የበሉትን ማንጎ አነሡልኝ። ያን ማንጎ በዚያ ሰዓት፣ በጾም አፋቸው ማንሣታቸው አሁን ሲታሰበኝ ያስቀኛል።

ጨዋታውን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ። አንዲት ወታደር ለመብላት ስስገበገብ ጳጳሴን አስበላሁ። ከዚያ በኋላ ያለው መንሸራተት ነው። እሳቸው አይቸኩሉም፤ አንዱን ለአንዱ እየቀየሩ ሰሌዳውን ቀስ በቀስ ባዶ አደረጉት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለእሳቸው ንጉሡ፣ አንድ ጳጳስና ሁለት ወታደሮች ቀርተዋል፤ አንዷ ወታደር መሀል ላይ፣ ሌላዋ ዳር ላይ። ለእኔ የቀረኝ ንጉሤና አንድ ፈረስ ብቻ። ተራው የእኔ ነው። ሌሎቹ አራት ጨዋታዎች አልቀዋል፤ ሁለቱን እኛ፣ ሁለቱን እነሱ አሸንፈዋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ መጥቶ እኛን ከበበን።

አቶ ልየው ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ተናገሩ። «ቀስ በይ። አትቸኩይ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ሰውየው ከሌሊት ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም። ይሳሳታሉ።»

ቀና ብዬ ሐጂን አየኋቸው። ከንፈራቸው ደርቋል። ድሬዳዋ ጎረቤቶቻችን ጾመኞች ስለነበሩ ያችን የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት አውቃታለሁ፤ ሰው ከራሱ ጋር ብቻ የሚሆንባት ሰዓት ነች። የአባቴ እኩያ ሽማግሌ እስኪዝሉ መጠበቅ አስጠላኝ። እውነቱን ለመናገር ሌላም ነገር ነበረበት። ያ ሁሉ ወንድ ከቦኝ፣ ጳጳስ በነጻ ያስበላች ሴት ሆኜ መታየቱ ሰልችቶኛል። በጾማቸው ሳመካኝ ሽንፈቴ ያማረ ይመስላል።

«ሐጂ፣ ጨዋታው አልቋል» አልኳቸው። «እጅ ልስጥና እርስዎም ቤትዎ ገብተው ያፍጥሩ።»

እጄ ወደ ንጉሤ ሲሄድ መዳፋቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ሰሌዳው አልቋል ካለሽ እጅሽን እቀበላለሁ። ለጾሜ ብለሽ ከሆነ ግን እጅ እንዳትሰጪ። ጾሙ የእኔና የፈጣሪዬ ነው። አንቺ ከሰሌዳው ጋር ተነጋገሪ።»

በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እጄን ከሰሌዳው ላይ ሰበሰብኩ። ወዲያው አዛኑ ተሰማ። ሐጂ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ተነሡና፣ ሁላችንም ከተስማማን ጨዋታውን ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ሱቃቸው ውስጥ እንደምንጨርሰው ተናገሩ። ከሱቅ ቴምር በሳህን መጣ፤ እሳቸው አንዷን አንሥተው በውኃ ካወራረዱ በኋላ ሳህኑ ለሁላችንም ዞረ። ከዚያ ሴት ልጃቸው ዘይነባ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ጫፍ ይዘን ሰሌዳውን እንደ ታመመ ሰው ቀስ አድርገን መንገዱን አሻገርነው። ዘይነባ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ የምታንስ፣ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እየለካች የምትሸጥ ልጅ ነች። ሰሌዳውን ጥቅልሎቹ መካከል አስቀምጣ አቡጀዲ አለበሰችውና ሱቁን ቆልፋ ቁልፉን ለአባቷ ሰጠች።

እራት ላይ የአቶ ልየው ሐሳብ ተለውጧል። የእሑዱ አውቶቡስ በሁለት ሰዓት ይነሣል፤ ከእሱ ሌላ እስከ ሰኞ መኪና የለም። ስለዚህ በጠዋት ሄጄ ንጉሡን አስተኝቼ መኪናው ላይ እንድንገናኝ ነገሩኝ። ሽንፈቱን ራሳቸውን አሳምነው ተቀብለውታል መሰለኝ ድምፃቸው ተረጋግቷል። ቀጥለውም ሰኞ ጠዋት ሦስት ክፍለ ጊዜ እንዳለኝ፣ የሙከራ ጊዜዬንም ገና እንዳልጨረስኩ አስታወሱኝ። ማስፈራራታቸው አልነበረም፤ ምክር ነው። ምክር ሲሆን ደግሞ መልስ የለውም።

ያደርኩት ጤና ጣቢያ ከምትሠራ ከአንዲት ነርስ ቤት ነው። እሷ እቃ ስታጣጥብ እኔ ደብተር ላይ ስልሳ አራቱን ቤቶች አሰመርኩና በሰጠችኝ ቆሎ ጨዋታውን ደረደርኩት። ሽምብራዎቹ ነገሥታት፣ ሱፉ ጳጳስ፣ ገብሶቹ ወታደሮች፤ ለፈረሴ አንዲት ኦቾሎኒ አገኘሁለት። ፈረሴን ለማዳን ያልሞከርኩት መንገድ የለም። ወደ ኋላ ባመጣው መሀል ያለችው ወታደር ታልፋለች። ወደ ጎን ባደርገው ጳጳሱ ይይዘዋል። በየት በኩል ብሄድ ሞት ነው። በመጨረሻ ተናድጄ፣ ይሄም ይሂድ ያም ይሂድ ብዬ ኦቾሎኒዋን በመሀለኛዋ ገብስ ላይ ጣልኳትና ሁለቱንም አነሣኋቸው።

ከዚያ የቀረውን አየሁ። የእኔ ንጉሥ ብቻውን ነው። የእሳቸው ንጉሥ፣ ጳጳስና ዳር ላይ ያለችው ወታደር። ያች ወታደር ንግሥት ለመሆን ሄዳ ሄዳ የምትደርስበት ጥግ ጥቁር ቤት ነው። ጳጳሳቸው ግን የሚሄደው በነጭ ቤት ብቻ ነው፤ ያን ጥግ ዕድሜ ልኩን ሊነካው አይችልም። ንጉሤ ቀድሞ ጥጉን ከያዘ ማንም ሊያስለቅቀው አይችልም፤ ቢከቡት መሄጃ ያጣል እንጂ አይሞትም፣ መሄጃ ካጣ ደግሞ ጨዋታው እኩል ነው። ወንድሜ ይህን ድሮ አሳይቶኝ ነበር። የረሳሁት ሳይሆን ያላየሁት፣ ፈረሴን ለማትረፍ ስለተጨነቅኩ ነው። ያለኝን አንድ ነገር ይዤ መዳን አልችልም፤ ሰጥቼው ግን እድናለሁ። ደግሜ ደረደርኩት፤ ደጋግሜ አረጋገጥኩት። ያች ነርስ ምን እንደሚያስቀኝ ጠየቀችኝ። ኦቾሎኒዋን አሳየኋት።

ጠዋት በአንድ ሰዓት ሱቁ ተከፍቷል። ዘይነባ ደጁን ትጠርጋለች። ሐጂ ከሰሌዳው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ቀላ ብሏል፣ የጾም ድካም ነው አልኩ። አቡጀዲውን ገለጡት። ሁሉም በቦታው ነው። ትናንት እያንዳንዱ የት እንደቆመ የጻፍኩበትን ወረቀት ሳላወጣ አመንኳቸው።

ከመቀመጤ ሐጂ እንዲህ አሉኝ፦ «መኪናው እየጫነ ነው። ጓደኞችሽ ሊሄዱ ነው። ልጄ፣ ብትሄጂ ማንም አይታዘብሽም። እንግዳ ሰው ነሽ፣ ሥራ አለብሽ።»

ይህን ያሉት ለእኔ አስበው ነው ብዬ አመሰገንኳቸው። ወዲያው አቶ ልየው ቦርሳቸውን አንግተው በሩ ላይ መጡ። «ሰብለ፣ ነይ እንጂ። ለሞተ ጨዋታ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ። ጨዋታው እንዳልሞተ ልነግራቸው ፈለግሁ፤ ግን ከተናገርኩ ሐጂ ይሰማሉ። እንደምቆይና ሰኞ ክፍል እንደምገኝ ብቻ ነገርኳቸው። በምን እንደምመጣ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ የመኪናው ጡሩምባ ሁለቴ ጮኸ፤ ከዚያም የሞተሩ ድምፅ እየራቀ ሄደ። እንደዚያች ቅጽበት ብቸኝነት የተሰማኝ ጊዜ ብዙ አይደለም። ድሬዳዋ ሩቅ ነው፤ አሁን ደግሞ ቢቸናም ሩቅ ሆነ። ተሳስቼ ቢሆንስ? አንድ ቤት ቀድሜ ወይም ዘግይቼ ቆጥሬ ቢሆንስ?

ፈረሴን አንሥቼ መሀለኛዋን ወታደር በላኋት።

ሐጂ አልተንቀሳቀሱም። ዘይነባ መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀና ብለው አዩኝና አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ።

«አየሽው።»

ፈረሱን በጳጳሱ በሉት። እኔ ንጉሤን ወደ ጥጉ አንድ ቤት አስጠጋሁ፤ እሳቸው ወታደሯን ገፉ፤ እኔ ጥጉ ገባሁ። ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜ ያህል ተንቀሳቀስን፤ ሊያስወጡኝ ዞሩ፣ ተመለሱ፣ ሞከሩ። የሚቻል እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በመጨረሻ እጃቸውን በሰሌዳው ላይ ዘረጉልኝ። «እኩል ነን» አሉ። ያን ዕለት እኔም እሳቸውም ውኃ ሳንቀምስ ጉሮሯችን ደርቆ ሳቅን።

መመለሻዬንም ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ እህል ሊጭን ቢቸና የሚሄድ የጭነት መኪና ነበረው፤ ዘይነባ ጋቢናው ውስጥ ከአንዲት እናት አጠገብ አስቀመጠችኝ። ባዶ መኪና ነውና እየዘለለ፣ አጥንታችን እየተንቀጫቀጨ፣ ማምሻውን ቢቸና ገባሁ። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ደወል ሲደወል ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ። ጸጉሬ ውስጥ ግን የመንገዱ አቧራ ግማሹ አልወጣም።

አቶ ልየው እኩል እንደወጣሁ ስነግራቸው አላመኑኝም። በዕረፍት ሰዓት ሰሌዳ አምጥተው ደረደሩት፤ ጠመኔ በያዙ ጣቶቻቸው ወዲያ ወዲህ ሲያደርጉት ቆዩ። ከዚያ «ጳጳሱ የነጭ ቤት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ነው አልኩ። ይቅርታ አልጠየቁኝም። ለመልሱ ግጥሚያ ግን አንደኛው ሰሌዳ ላይ ስሜን ጽፈው ለጠፉት።

ከፋሲካ በኋላ ሞጣዎች መጡ፤ እነሱም ሐጂን አንደኛው ሰሌዳ ላይ ስላደረጓቸው በድጋሚ ከእሳቸው ጋር ተጋጠምኩ። በዚያን ቀን ገና በሠላሳኛው እርምጃ አካባቢ ምንም እንደማይቀረኝ አየሁ። ሦስት ጊዜ ፈተሽኩት። ጥግም የለም፣ የማስበላው ፈረስም የለም። ንጉሤን አስተኛሁት፤ ሐጂም ሳያስቆሙኝ እጄን ጨበጡኝ። ግጥሚያውንም ተሸነፍን። ሰው ሁሉ እስከ መጨረሻው መጫወት አለበት የሚሉ አሉ፤ እኔ እንደዚያ አላምንም። አንዳንዱ ጨዋታ አልቋል፤ ያለቀን ነገር ይዞ መቀመጥ ተጋጣሚንም ራስንም ማድከም ነው። ከዚያ ወዲህ በኖርኩበት ዘመን ብዙ ነገር ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። ከመስጠቴ በፊት ግን ለምን እንደምሰጥ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ስላለቀ ነው ወይስ ስላፈርኩ፣ ስለደከመኝ፣ መኪናው ስለሚያመልጠኝ? ቢቸና የምቆየው ለአንድ ዓመት ነው ተብሎ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት አስተማርኩ።

ማህደር ይህን ሁሉ እየሰማች ሞጣ ደረስን። የተጠራነው የዘይነባ ልጅ ሰርግ ላይ ነው። ሐጂ ካረፉ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ዘይነባ በሩ ላይ አቅፋ ሳመችኝና ወደ እንግዶቹ ዞራ፣ «አባቴን ያሸነፈችው መምህርት እሷ ነች» አለቻቸው።

እኩል ነው የወጣነው አልኳት። ሳቀች። በኋላ ግን፣ እንግዳው ምግብ ላይ ሲሆን፣ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝና አባቷ ከመሞታቸው በፊት የነገሯትን ነገረችኝ። ያን ቅዳሜ ማታ፣ ከሰላት በኋላ፣ ሐጂ ጥጉን አይተውት ነበር። ሌሊቱን አልተኙም። ጠዋት ስመጣ እንዳላየሁት ተመኝተዋል፤ መኪናው እንዳያመልጠኝ የነገሩኝም ለእኔ አዝነው ብቻ አልነበረም። «‹ለጾሜ ብለሽ እጅ እንዳትሰጪ› ያልኳት ልጅ በማግሥቱ እጅ እንድትሰጠኝ ለመንኩ፤ ስለዚህ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ» ይሉ ነበር አለችኝ።

የቀላው ዓይናቸው፣ ያች «አየሽው» የምትለው ቃል፣ ሁሉም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሌላ ትርጉም ያዘ። ግን አላዘንኩባቸውም። የሱቁ ቁልፍ ያደረው በእሳቸው እጅ ነው። አቡጀዲውን ገልጠው አንዲት ወታደር አንድ ቤት ቢያንቀሳቅሱ ማን ያውቃል? እኔ ወረቀቴን እንኳ አላወጣሁም። ልባቸው ሌሊቱን ሙሉ ክፉ ሲመኝ፣ እጃቸው ግን ሰሌዳውን እንዳለ አሳደረው፤ ሱቁንም በሰዓቱ ከፈተው። ሰው ልቡን ሁልጊዜ ማዘዝ አይችልም። እጁን ማዘዝ ግን ይችላል፤ ይህን በማወቄ በዚህ ዕድሜዬ ደስ ይለኛል፣ ስለ ልጆቻችንም ስለ አገራችንም ሳስብ ተስፋ የሚሰጠኝ እሱ ነው።

«ዘይነባ» አልኳት፣ «ለልጅሽ ስትነግሪያት በትክክል ንገሪያት። አባትሽ አልተሸነፉም።»

ቃል ገባችልኝ። ከዚያም ሙሽራዋን ልናይ ወጣን።